ልጁን ከመቀመጫው አታስነሺው

ደሴ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም

ለልጄ ለሐያት፣

አሰላሙ አለይኩም ልጄ። እንዴት ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጦሳ ተራራ ብርድ ጀምሯል፤ ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው። የላክሽው ብርቱካን ደርሷል። ግማሹን እናትሽ ለእትዬ ብርቄ ሰጠችው፤ የቀረውን እኔ ጨረስኩት። ስኳርህ ይነሳል ብላ እንዳትጮህብኝ አትንገሪያት።

ልደውልልሽ ነበር። ግን በስልክ እቆጣለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቋረጣል። በወረቀት ይሻላል።

ሰሞኑን ቡና ቤት አንድ የመርሳ ሰው አገኘኝ። "ልጅህ ጎበዝ አስተማሪ ናት፤ ሰው ስለሚያጠምዱ ቡድኖች ለዘጠነኛ ክፍል አስተማረች" አለኝ። ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ቀጠለ። "አንዱን ልጅ አስነስታ፣ 'ያንተ እናት እዚያ ሰውዬ ጋ አይደል የምትሄደው? እስቲ ምን እንደሚላቸው ንገረን' አለችው። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።" ቡናዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እውነት ነው? ካልሆነ አፉ በይኝ። ከሆነ ግን ስሚኝ፦ ልጁን ከመቀመጫው አታስነሺው። በእናቱ አታሸማቅቂው። ይሄን ካላስተካከልሽ ቤቴ... ተይው። ይሄን ዓይነት ቃል አንድ ጊዜ ተናግሬው ምን እንዳመጣ ከታች ትደርሺበታለሽ።

አታስተምሪ አላልኩም። አስተምሪ! እኛን ማንም አላስተማረንም። ሌሰን ፕላንሽን ስትልኪልኝ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። የኬንያውን ሻካሆላ ማስገባትሽ ጥሩ ነው፤ ጎረቤት ነው፣ የትናንት ነው። ሚያዝያ 2015 ላይ ከጫካው አስከሬን ሲወጣ አብረን በቴሌቪዥን አይተናል። ከ400 በላይ ሰው። ጹሙና ሙቱ፣ ጌታን ታገኛላችሁ የተባሉ ናቸው። አንቺ ግን ቁጥሩን ጻፍሽና አለፍሽ። ለአስተማሪ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ፖል ማኬንዚ የሚባለው ሰባኪ፣ የጫካው ጉድ ከመሰማቱ ከ5 ዓመት በፊት፣ ልጆች ትምህርት ቤት እንዳይሄዱ ይሰብክ ነበር። ያኔ ተይዞ ተለቀቀ። በ2016 እሱና ተከታዮቹ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ በ191 ልጆች ግድያ ተከሰሱ። አልፈጸምንም ብለዋል።

ታዲያ ነገሩን መጀመሪያ የሚያየው ማነው? ፖሊስ አይደለም። ጠዋት ስም የሚጠራ አስተማሪ ነው። ሳምንት የቀረ፣ ምሳ ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር መብላት የተወ፣ ሲታመም ክኒን አልውጥም ያለ ልጅ፣ አንቺ ነሽ የምታዪው። አሁን ግን ያንቺው መዝገብ ላይ አንድ ልጅ "ቀሪ" ተብሎ ተጽፏል። ያስቀረው ደግሞ ያ ሰውዬ አይደለም።

ስለ ጆንስታውንም ጽፈሻል። ሕዳር 9 ቀን 1971፣ ጉያና ውስጥ ከ900 በላይ አሜሪካውያን። ከ300 በላይ ልጆች ነበሩበት፤ መርዙን መጀመሪያ የሰጡት ለእነሱ ነው። ጂም ጆንስ ግን በመርዝ አልጀመረም። ችግረኛ በማብላት፣ ሽማግሌ በመጦር፣ ጥቁርና ነጭን አንድ አግዳሚ ላይ በማስቀመጥ ነው የጀመረው። ይሄን ካልነገርሻቸው ተማሪዎችሽ "እኔ እንደዛ አልሸወድም" እያሉ ይስቃሉ። አጎትሽ ሰይድም አይሸወድም ነበር። ገበያ ላይ በሬ ሲመርጥ ደላላ የሚሸሸው ሰው ነበር።

የሰይድን ነገር እናትሽ በከፊል ነግራሻለች። የኔን ድርሻ ግን አልነገረችሽም። ላኮራርፍ እችላለሁ ብላ ነው።

በ1990 ትልቁ ልጁ ሞተበት። ሐዘን ተቀመጥን። ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን እኔ ፈተና አለብኝ ብዬ ወደ ደሴ ተመለስኩ፤ ሌላውም ወደ እርሻው። አንድ ሰውዬ ግን አልሄደም። አርባ ቀን ሙሉ ማታ ማታ እየመጣ አጠገቡ ተቀመጠ። ሼህም ቄስም አልነበረም፤ ከዚህም ከዚያም የቃረመ አፈ ቅቤ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ሞቷል። "ልጅህን ታገኘዋለህ፤ ቀኑ ቀርቧል" ይለው ነበር። እኔ "አላህ ያጽናህ" ብዬ መኪና ተሳፈርኩ። ለሰይድ የትኛው ወንድም ይመስላል?

መጀመሪያ የተወው ቡና ነው። ጎረቤት ሲጠራው "ጨጓራዬን" ይል ጀመር። ወሎ ውስጥ ቡና የሚሸሽ ሰው ታውቂያለሽ? እስላሙ ክርስቲያኑ ቤት፣ ክርስቲያኑ እስላሙ ቤት ሦስት ስኒ በሚጠጣበት ቀበሌ! ቀጥሎ ከቅሬ፣ ከቀብር ዕድራችን፣ ወጣ። ቅሬ መተው ማለት ቀባሪዬ ሌላ ነው ማለት ነው፤ ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ከዚያ በሬዎቹን ሸጠ። ገንዘቡ ለማን እንደገባ አትጠይቂኝ። በ1991 ክረምት ሚስቱንና ትንሿን ይዞ ከባቲ ወዲያ ካለው ቆላ፣ ሰውዬው ከሰበሰባቸው ሰዎች ጋር ገባ።

ከመሄዱ በፊት ሊሰናበተኝ መጥቶ ነበር። ግቢው በር ላይ ቆመ። አላስገባሁትም። "ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም፤ ከደጄ እንዳትደርስ" አልኩት። እናትሽ አንቺን አዝላ ከኋላዬ ቆማ ትሰማለች። በጣም ትክክል የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አስተማሪ አይደለሁ? የተማረ ሰው ጠንከር ማለት አለበት ብዬ ነው።

መጋቢት 1992 በሬዲዮ የኡጋንዳው ካኑንጉ ተሰማ። ዓለም ታልቃለች የተባሉ፣ ከብታቸውን በርካሽ የሸጡ፣ በር ተዘግቶባቸው በእሳት ያለቁ ሰዎች። ሬዲዮኑን ሳላጠፋ ወጣሁ። በአይሱዙ እስከ ባቲ፣ ከዚያ በእግር። ስደርስ የሰይድ ሚስት ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል። ወባ ነበር። ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጣት ነው ተብሎ። ሰይድ አላናገረኝም፤ ልጅቷን ግን ሲያስረክበኝ አልተሟገተም። ዘይኑ የምንላት ዘይነብ ያኔ የ7 ዓመት ልጅ ናት።

አንቺ የምታውቂያት ዘይነብ አዝላ ያሳደገችሽ፣ አሁን ኮምቦልቻ ነርስ የሆነችው ናት። የዚያን ዓመቷን አታውቂያትም። የኛን ምግብ ርኩስ ነው ብላ አትበላም ነበር፤ ማታ ማታ ዳቦ ሰርቃ ፍራሽ ሥር ትደብቃለች። ሌሊት ትነሳና እናትሽን "ዛሬ ነው እንዴ?" ትላታለች። ዓለም የሚያልቀው ማለቷ ነው። ጥርሷን ስትታመም አትናገርም። ከሰው ልጅ ጋር መጫወት አታውቅም፤ ሰው ሲስቅ ታለቅሳለች። ሌሰን ፕላንሽ ላይ "በሕፃናት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት" ያልሽው እሱ ነው፤ ፍራሽ ሥር የሻገተ ዳቦ ነው።

አንድ ማታ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ "አባቴ መጥፎ ሰው ነው?" አለችኝ። ደክሞኛል፣ ተናድጃለሁ፣ የተማሪ ወረቀት እያረምኩ ነው። "አዎ" አልኳት። በቃ። ሁለት ወር ቃል አልተነፈሰችም። በኋላ ስታድግ ነግራኛለች፦ "ያን ቀን ወደ ቆላው ልመለስ ነበር፤ መንገዱን ስለማላውቅ ነው የቀረሁት።" ለልጅ አባቱን ነክተሽበት እውነቱን እንዲቀበልሽ አትጠብቂ። ወደ አባቱ ነው የሚሮጠው። ያንቺም ተማሪ ወደ እናቱ ነው የሮጠው። ስለዚህ እደግመዋለሁ፤ ልጁን አታስነሺው። እናቱን በሱ ፊት አትንኪ።

ቀሪውን ልጨርስ። በ1996 ቡድኑ ተበተነ፤ ቀኑ ሦስት ጊዜ ተቀጥሮ ሦስት ጊዜ አልመጣም። ሰይድ አንድ ማታ ደሴ መጥቶ ነበር። እኔ አላየሁትም። እትዬ ብርቄ ናት ያየችው፤ ጋቢውን ተከናንቦ ከበራችን ማዶ ድንጋይ ላይ። "ግባ እንጂ" ስትለው "ከደጄ አትድረስ ብሎኛል" አላት። እሷ እኔን ልትጠራ ስትሮጥ ተነስቶ ሄደ። በዓመቱ ቆላው ውስጥ ሞተ። ወጥቶ የጣላቸው የቅሬ ሽማግሌዎች ስምንት ሆነው ሄደው ቀበሩት። "ከቅሬ ወጥቷል እኮ" ስላቸው፣ ሰብሳቢው በቁጣ "ታዲያ የወጣ ሰው አይቀበርም?" አሉኝ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። እኔ ዲፕሎማ ነበረኝ።

የውጪው አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ለምን ይበራል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል እያልሽ በልጅነትሽ ትነዘንዢኝ ነበር አይደል? እሱ ነው።

እሺ። አሁን ወደ ሥራ።

ትምህርቱን በሃይማኖት አትጀምሪው። "መናፍቅ" የሚል ቃል ክፍል ውስጥ አታስገቢ፤ እዚህ አገር ሁሉም ሌላውን የሚጠራበት ስድብ ነው። እኔ "አጥማጅ ቡድን" ብትይ ይሻለኛል። የየትኛውንም ቡድን ስም አትጥሪ። ያ ሰውዬ ምን ያምናል የሚለውን ተይና እንዴት ይሠራል የሚለውን ጠይቂ። ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል? መውጣት ይቻላል? አያቴን ልጠይቅ ብል ይፈቀዳል? ገንዘቡን ማን ይቆጥራል? ቤት ለማንም አትንገር የተባለ ነገር አለ? ጥያቄዎቹ ለሃይማኖት ብቻ አይደሉም። በአጭር ቀን ሀብታም አደርጋችኋለሁ ለሚለውም ይሠራሉ። በ1969 እኛ በ19 ዓመታችን ለገባንበት የፖለቲካ ቡድንም ይሠሩ ነበር፤ የገዛ ጓደኛውን ሲያጋልጥ "ለዓላማው ነው" ያለ ልጅ አብሮኝ ተምሯል። ወደዚያ አልግባ፤ መሽቷል።

ሕገ መንግሥቱን አንቺ ከኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። አንቀጽ 27 ወላጅ ልጁን በእምነቱ ማሳደግ ይችላል ይላል። ስለዚህ የዚያች ሴት እምነት ያንቺ ጉዳይ አይደለም። አንቀጽ 36 ደግሞ ልጁን ትምህርቱን፣ ጤናውን ከሚጎዳ ነገር ይጠብቀዋል። ይሄኛው ያንቺ ጉዳይ ነው። ልጁ ካልበላ፣ ከተመታ፣ ታሞ ካልታከመ፣ ልትዳር ነው የተባለች ልጅ ካለች፣ ምክር አታብዢ፤ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ፣ ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ካስፈለገ ለፖሊስ። በጽሑፍ። ቀን ጻፊበት፤ ቅጂ ያዢ። ያለዚያ ግን ወሬ ሰብሳቢ አትሁኚ።

አሁን ስለ ልጁ። እሁድ ቤታቸው ሂጂ። ብቻሽን፤ ሌላ አስተማሪ አታስከትይ፤ ዳኛ የመጣ ይመስላቸዋል። ደብተርና መዝገብ አትያዢ። ቡናና ስኳር ያዢ። እናቱ ቡና አልጠጣም ብትል አትቆጪ፤ ውሃ ከሰጠችሽ ጠጪ። "ልጅሽን ክፍል ውስጥ አሳፍሬዋለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" በያት። ስለ ሰውዬው አንድ ቃል እንዳትናገሪ! እሷ ካነሳችው አድምጪ። ማን እንደሞተባት ትሰሚ ይሆናል። ልጁንም እናቱ እየሰማች ይቅርታ ጠይቂው። ሰኞ ከመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ስሙን ጥሪ። የሳቁትን ልጆች እሱ በሌለበት ቅጪያቸው፤ ብዙ አይደለም፣ የሳቁት አስተማሪያቸውን አይተው ነው።

አብሽሪ። ከኔ ቀድመሽ ነው ያወቅሽው። እኔ ዘይኑን ይቅርታ ለመጠየቅ 11 ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ለሰይድ ደግሞ መቃብር ላይ ነው የተናገርኩት። የኔ እናት፣ የተቆጣሁት ስለምወድሽ ብቻ አይደለም፤ ድምፅሽ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰምቼ ነው።

ዘይኑ ማታ ማታ ተረኛ ስላልሆነች ከ2 ሰዓት በኋላ ደውይላት። ልጁን እንዴት እንደምታናግሪው ከኔ ይልቅ እሷን ጠይቂ። ነግሬያታለሁ፤ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ "ትደውልልኝ" አለች።

በሚቀጥለው ወር ስትመጪ የእናትሽን ሌማት እንዳትረሺ፤ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። በማታ መኪና አትምጪ። ካመሸሽም ግድ የለም፤ በሩ አይቆለፍም።

አባትሽ