ስለ አንድ ፈተናና ስለ አንዲት ጀበና የቀረበ ምስጋና

በቅድሚያ ለዚህ ቀን ላደረሰን ለልዑል እግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይድረሰው። ልጃችን በሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤት የፈረንሳዩን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ ባካሎሬያን፣ «ቢየን» («ጥሩ») በሚባለው ማዕረግ አልፋለች። ስልክ የደወላችሁ፣ ቤት ድረስ የመጣችሁ፣ ዳቦ ደፍታችሁ የላካችሁ በሙሉ፣ እኔና ባለቤቴ ከልብ እናመሰግናለን። በዚሁ መዝጋት ይቻል ነበር። ግን ይህች ልጅ ብቻዋን አላለፈችም፤ ዕዳችን ብዙ ነው። ስም እንዳልጠራ ያስጠነቀቃችሁኝ ስላላችሁ ስም አልጠራም፤ ሥራችሁን ግን ሳልጠራ አላልፍም።

ለማያውቀን ሰው፣ ቤታችን አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር ነው፤ ባጭሩ «ፈረንሳይ» እንለዋለን። እናቴ «ፈረንሳይ ተወልጄ፣ ፈረንሳይ አርጅቼ፣ ፈረንሳይኛ አላውቅም» እያለች ሰው ታስቃለች። እኔም ከ«መርሲ» ብዙም አልራቅሁ። ልጅቷ ትንሽ እያለች የቤት ሥራዋን አይቼ ትክክል ነው ስህተት ነው የምልበት አቅም አልነበረኝም፤ ጽሑፉ ንጹሕ ከሆነ «ጎበዝ» እላታለሁ፣ ሥርዝ ድልዝ ካለበት እቆጣለሁ። እንደዚያ ነው ያሳደግኋት።

የክፍል አቆጣጠራቸው ራሱ ሰው ያደናግራል። 11 ዓመት ሲሞላት «ስድስተኛ» ገባች። በዓመቱ «አምስተኛ» ሆነች፣ ከዚያ «አራተኛ»፣ ከዚያ «ሦስተኛ»። አንዲት ጎረቤታችን እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝና «አንቺ፣ ይህች ልጅ በየዓመቱ ቁልቁል ነው እንዴ የምትሄደው? ለምን አታዘዋውሪያትም?» አለችኝ። እስከ «ፕሪሚየር»፣ ማለትም እስከ አንደኛ ወርደው «ተርሚናል» በሚሉት ነው የሚጨርሱት፤ በእኛ 12ኛ መሆኑ ነው። ውጤቱም የሚሰጠው ከ20 ነው። አንድ ቀን 14 አምጥታ እየዘለለች ስትገባ «ስድስቱ የት ሄደ?» ብዬ አስለቅሻታለሁ። በማግስቱ የክፍላቸው ኃላፊ መምህርት አስጠርተውኝ፣ በእነሱ ቤት 14 «ቢየን» እንደሆነ፣ 16 ከገባ «ትሬ ቢየን» እንደሚባል፣ 20 ማግኘት ደግሞ ብርቅ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። እሳቸው ባይነግሩኝ ስንቴ አስለቅሻት ነበር! የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለእሳቸው ይድረስ።

ሁለተኛው ለአማርኛ መምህሯ ነው። ይህ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ልጆቹ ሁሉን ነገር በፈረንሳይኛ ሲማሩ ውለው ቤት ሲመጡ አማርኛቸው ይሰባበራል። የእኔዋ እንዲያውም አያቷን «አንተ» እስከ ማለት ደርሳ ነበር። መምህሯ ይህን ሲሰሙ አልተቆጧትም፤ በየሳምንቱ ከአያቷ አንድ አንድ ተረት ሰምታ ጽፋ እንድታመጣ አዘዟት። ደብተሩ አሁንም አለ፤ ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው እርማት ከተረቱ አይተናነስም። አንድ የካቲት ደግሞ ክፍሉን ይዘው ስድስት ኪሎ ሰማዕታት ሐውልት ሄዱ። እዚያ ቆመው «በየቀኑ የምትገቡበት በር ላይ ስማቸው ያለው ሰውዬ ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ያወቀ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በፈረንጆቹ 1947፣ ጣሊያን ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ የተከፈተ ነው፤ ስሙን የወሰደው ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ነው። ደጃዝማቹ ጣሊያንን ሲዋጉ ጎጌቲ ላይ የወደቁት ሐውልቱ የሚያስታውሰው ጭፍጨፋ በደረሰበት በዚያው በየካቲት 1929 ዓ.ም ነበር። ልጄ ማታ ቤት ገብታ ይህን ለአያቷ ስትነግር «አንቱ» እያለች ነበር። እናቴ ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች።

አሁን ወደ ጀበናዋ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ «እውነት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። እውነት ነው።

በባካሎሬያው ውጤት ከ100 ክብደት 40ው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የክፍል ሥራ የሚሰበሰብ ነው፤ 60ው በፈተና ይመጣል። ፍልስፍና አራት ሰዓት ተቀምጠው የሚጽፉት ሲሆን 8 አለው። ተማሪው ራሱ የመረጣቸው ሁለት ትምህርቶች እያንዳንዳቸው 16 አላቸው፤ የእሷ ሂሳብና ፊዚክስ ኬሚስትሪ ነበሩ። መጨረሻ ላይ «ግራንድ ኦራል» የሚሉት የቃል ፈተና አለ፣ ክብደቱ በእሷ ጊዜ 10 ነበር። ተማሪው ዓመቱን ሙሉ ሁለት ጥያቄ ያዘጋጅና ይዞ ይቀርባል፤ ሁለት መምህራን አንዱን ይመርጡለታል፤ 20 ደቂቃ ያስባል፣ ከዚያ ቆሞ ያለ ማስታወሻ 10 ደቂቃ ይናገራል፣ 10 ደቂቃ ደግሞ ይጠየቃል። ልጄ ዓይን አፋር ናት። በፍራንኮፎኒ፣ በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በዓል ቀን ቴአትር ሲሠሩ እንኳ ዛፍ ሆና መቆምን መርጣ ነበር (የዛፉን ልብስ ለሰፋሽልን ጎረቤታችን፣ ምስጋናው ዘግይቶም ቢሆን ይድረስሽ)።

የሂሳብ መምህሯ ፈረንሳዊ ናቸው። እናቴ እንደ ድሮ ሰው «ሙሴ» ትላቸዋለች፣ እኛም ለመድነው። ሙሴ «ከቤትሽ አንድ ዕቃ ምረጪና በሂሳብ ንገሪኝ» አሏት። እሷም የእናቴን ጀበና መረጠች። ጥያቄዋ «ጀበና ስንት ይይዛል?» የሚል ሆነ።

አሠራሩን አሁን እኔም ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ጀበናዋን በፋኖስ ፊት አቁማ ጥላዋን ግድግዳ ላይ በለጠፈችው ወረቀት ላይ ነደፈች። ከዚያ ሆዷን ከታች ወደ ላይ በየአንድ ሴንቲ ሜትሩ እንደ ዳቦ ቆራረጠቻት፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ ስፋት አስልታ ደመረች። ቁራጩ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሲሄድ ድምሩ «ኢንተግራል» ይባላል። የጀበናዋ ሆድ ድቡልቡል ነው፤ ሰፊው ቦታ ላይ ከመሐል እስከ ዳር 6 ሴንቲ ሜትር። ውጤቱ ወደ 900 ሚሊ ሊትር መጣ። በውኃ ለማረጋገጥ መለኪያ አልነበረንም፤ ከጎረቤት የሕፃን ጡጦ ተዋስን (ጡጦውን ለሦስት ቀን አስቀርተንባችሁ ልጁን በማንኪያ ላጠባችሁት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን)። በጡጦ እየለኩ ሲሞሏት ጀበናዋ አንገቷ ሥር የደረሰችው በ700 ነው።

200ው የት ሄደ? ልጅቷ ሁለት ሳምንት አልተኛችም። ሂሳቡን ደግማ ሠራችው፣ ያው 900። ሙሴን ብትጠይቃቸው ትከሻቸውን ሰብቀው «ጀበናዋን ጠይቂያት» አሏት። አንድ ማታ ለስንተኛ ጊዜ ውኃ ስትሞላ እጇ ረጥቦ ነበርና አመለጠቻት። ሲሚንቶው ላይ!

ያቺ ጀበና የእናቴ ናት። አባቴ በሕይወት እያለ የገዛላት ናት። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና «ሸክላ አይደል፣ ይሰበራል» አለች፤ ድምጿ ግን ሌላ ነበር። ልጄ እያለቀሰች ገሉን ስትለቅም ቆየችና አንዱን ገል ይዛ ዝም አለች። ከዚያ ማስመሪያ አምጣ ብላ ወንድሟን ጮኸችበት። የገሉ ውፍረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነበር። ለካ የለካችው የውጭውን ነው፤ ቡናው ያለው ከውስጥ ነው! በ6 ፈንታ 5 ከግማሽ ብላ ስታሰላው ወደ 700 መጣ። ተነስታ ጨፈረች። እናቴ በእንባዋ መሐል «ጀበናዬን ሰብራ እልል ትላለች!» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ልምምድ ሁሉ በቤታችን ቡና ላይ ነው የተደረገው። «ፈረንሳይኛ ለማያውቅ ማስረዳት ከቻልሽ ለፈታኝ አያቅትሽም» ያሏት ሙሴ ናቸው። በአማርኛ ስትሞክረው ግን ቃል አጠራት፤ ለካ ሂሳብን በአማርኛ አስባው አታውቅም። የአማርኛ መምህሯ «ይዘት» በዪው ብለው እዚህም ደረሱላት። የሰፈራችን እናቶች ሆይ፣ ግንቦትን ሙሉ የአንድ ጀበና ይዘት በአቦል፣ በቶናና በበረካ ስትሰሙ «በቃን» ያላላችሁ፣ ምን ብዬ ላመስግናችሁ? አንዷ እንዲያውም የራሷን ጀበና አምጥታ «ይቺንም ለኪልኝ» ብላለች። በተሰበረችው ፋንታ እናቴ እጅ ላይ ያስቀመጠቻትም ያችኑ ነው።

እናቴ ደግሞ እርማት ሰጠች። ልጄ «ሲኒው 70 ሚሊ ሊትር ከያዘ፣ ጀበናዋ የ10 ሰው ናት» ስትል እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «የስምንት ናት።» «እማማ፣ ሂሳቡ 10 ነው የሚለው።» «አተላውን የት አደረግሽው ታዲያ?»

ፈተናው ዕለት፣ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ከፈረንሳይ እስከ አራት ኪሎ መንገዱን ወንዝ አድርጎት ነበር። ታክሲ የለም። ዕቃ ሊያደርስ መርካቶ የሚሄድ የሰፈራችን ልጅ መንገዱን ትቶ ቸርችል ድረስ በአይሱዙ አደረሳት፤ ሒሳብም አልተቀበለንም። በሩ ላይ ያሉት ዘበኛ፣ ጋሼ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ወንበር ሰጥተው ጫማዋን እስክትጠርግ ጃንጥላ ይዘውላታል። «አይዞሽ፣ አንቺ ከሦስት ዓመትሽ ጀምሮ በዚህ በር ስታልፊ አይቼሻለሁ» አሏት። ጋሼ፣ ይህንን በየቀኑ ታነሳለች።

ፈታኞቹ ከሁለቱ ጥያቄ ጀበናዋን መረጡ። መጨረሻ ላይ አንዷ «ታዲያ ለስንት ሰው ይበቃል?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ «ሂሳቡ 10 ይላል፣ አያቴ ስምንት ይላሉ፣ አያቴ ልክ ናቸው፤ አተላው ይቀራል» አለች። ከ20 18 ተሰጣት። በዚህኛው እንኳ ሁለቱ የት ሄደ አላልኩም።

አንድ የቀረኝ አለ። በመጋቢት የፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ፣ ፓርኩርሱፕ የሚሉት፣ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፋበት። የፓሪስ እኩለ ሌሊት በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከበላያችን ያለው ወጣት በፒጃማ ወርዶ ኮምፒውተሩን ከነባትሪው፣ ኢንተርኔቱን ከስልኩ ሰጥቶ እስከ 7 ሰዓት ተኩል አብሯት ተቀመጠ። ከላከቻቸው ምርጫዎች አንዱ ግሬኖብል ነበር። ግሬኖብል ተቀብሏታል። ወንድሜ፣ ሥራ ገብተህ በማግስቱ እንዳንቀላፋህ ሰምተናል፤ ይቅርታ።

ለክፍል ጓደኞቿ፣ አንዷ ሲያቅታት አራቱ ተሰብስባችሁ ሳሎናችን ወለል ላይ ላጠናችሁ፣ ምንጣፉ ላይ ያፈሰሳችሁት ቀለም አልለቀቀም፤ አይልቀቅ። ለእናቴ፦ ስለ ጀበናዋ ይቅርታ እንጠይቅሻለን፣ አባዬ ቢያይ ይስቅ ነበር ብለን እናምናለን። ገሉን ልጅቷ በጨርቅ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ አስቀምጣለች፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሲፈትሿት ምን እንደምትል እንጃ።

ከመሄዷ በፊት፣ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ቡና አለ። ሁላችሁም ኑልን። ከስምንት ከበለጣችሁ ደግሞ ሁለተኛ ጀበና እንጥዳለን።