ውሃውን ስድስተኛ ፎቅ ያወጣው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሊባኖስ ሕዝብ በመብራት፣ በውሃና በቆሻሻ ምክንያት በተደጋጋሚ ለምን አደባባይ እንደወጣ የሚተርከውን ያለፈው ሳምንት ዘገባችሁን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የ15 ዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1990 ካበቃ በኋላም ሥልጣንን በሃይማኖት ወገን የተከፋፈሉት ሰዎች ለሕዝቡ የማይቋረጥ መብራት እንኳ ማቅረብ እንዳቃታቸው መጻፋችሁ ትክክል ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ፤ መብራት ሲጠፋ የቤሩት አባወራዎች ውሃ ተሸክመው ፎቅ እንደሚወጡ ትናገራለች።

እኔ ቤሩት ውስጥ 7 ዓመት በቤት ሠራተኝነት ኖሬአለሁ፤ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ አባወራ ግን አንድም ቀን አላየሁም። የምንኖረው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። መብራት ሲሄድ ሊፍቱም፣ ውሃውን ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር የሚገፋው ፓምፕም ይቆማሉ፤ «ኢሽቲራክ» ከሚሉት የሰፈር ጄኔሬተር የምናገኘው 5 አምፔር ደግሞ ከአምፖልና ከፍሪጅ አያልፍም ነበር። ያኔ ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ምድር ቤት ሞልቼ 108 ደረጃ እወጣለሁ። እጀታው ጣቶቼን ሲቆርጠኝ የሕፃኑን አሮጌ ካልሲ እጠቀልልበት ነበር። ውሃው ለማዳም ፀጉር፣ ለልጆቹ ገላና ለሳህን ነው፤ እኔ የምታጠበው በተረፈው ነው፣ ከተረፈ።

ሰልፈኞቹን አልወቅስም፤ ጨለማው የሁላችንም ስለነበር ጥያቄያቸው ጥያቄዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የናዕሜ ቆሻሻ መጣያ ተዘግቶ ከረጢቱ መንገድ ላይ ሲከመር፣ ከየቤቱ አውርደን እዚያ ክምር ላይ የምንጥለው እኛው ነበርን። በጥቅምት 2019 የሰማዕታት አደባባይ በሰው ሲሞላ ደግሞ ማዳምና ልጆቿ ባንዲራ ይዘው ወጡ፣ በሩም ከውጭ ተቆለፈብኝ። ስለ ነፃነት የሚጮኸውን ሕዝብ የሰማሁት በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነው።

አገልግሎት ሲጓደል ማን እንደተጎዳ የሚያስረዳ ዘገባ፣ ጉድለቱን በጉልበቱ የሞላውን ሰው እንዴት ይዘለዋል? ድምፃቸውን አላሰሙም እንዳትሉ፣ በዚያው በ2015 መጀመሪያ የቤት ሠራተኞች ማኅበር ተመሥርቶ የሥራ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ነፍጎታል፤ እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግም በአንቀጽ 7 ከጥበቃው አስወጥቶናል። የሊባኖስ ገንዘብ ሊራው ሲወድቅ የእኔ የ5 ወር ደመወዝ እዚያው ቀረ። በ2020 አጋማሽ ደግሞ በርካታ እህቶቻችን ሻንጣቸውን እንደያዙ በቆንስላችን በር አስፋልት ላይ ተጥለው እንደነበር ያላየ አለ?

የውጭ የዜና ወኪል ቢረሳን አልገረምም ነበር። ልጁን ወይም እህቱን ቤሩት ልኮ ስልክ የሚጠብቅ ሰው የሚያነበው የአማርኛ ጋዜጣ ሲረሳን ግን ያማል፤ ቸልተኝነት ነው ከማለት ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ስለዚህ «አባወራዎች» የሚለው ቃል በሚቀጥለው እትም እንዲታረም እጠይቃለሁ። ስማችን ይዘርዘር አላልኩም፤ ውሃውን ተሸክመን የወጣነው እኛ መሆናችንን በአንድ መስመር ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቤሩት የተመለሰች አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ