ክፍል ውስጥ ማን እንደሚናገር ቁጭ ብለን እንይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ኤግዚት ኤግዛም (ተማሪው ለመመረቅ የሚፈተነው አገር አቀፍ ፈተና) በ2015 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ስለ ዩኒቨርሲቲ የሚወራው ሁሉ ስንት አለፈ ስንት ወደቀ ሆኗል። ተማሪው እነዛን ሁሉ አመታት ክፍል ሲቀመጥ አንድ ቀን አፉን ከፍቶ ጠይቆ ያውቃል ወይ የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም፣ እኔ ክፍለ ሀገር ያለ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ ይሄ ነገር በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ሴሚስተር ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ተስማማንና እኔ የሱ ክላስ እሱ የኔ ክላስ እየገባ ኋላ ቁጭ ብሎ ማየት ጀመርን። የወንበሮቹን አቀማመጥ ወረቀት ላይ እንስላለን፣ አንድ ተማሪ በተናገረ ቁጥር ቦታው ላይ ሰረዝ፣ በቃ፣ ስም የለ ማርክ የለ። ክላሱ ሲያልቅ ሰረዞቹ ከሞላ ጎደል ፊትና መሀል ተከምረው ታገኛላችሁ፣ እዛ ያሉት ቀለሜዎቹ ናቸው። ሴቶቹ የተቀመጡበት የግድግዳው ጥግ ባዶ ነው። መምህሩ "ክሊር ነው?" ይላል፣ ፊት ያሉት "የስ ቲቸር" ይላሉ፣ ስላይዱ ያልፋል። አንድ ቀን ከጎኔ የነበረች ልጅ ጥያቄዋን ደብተሯ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና አስተካክላ ጻፈች፣ እጇን ልታነሳ ስትል ሌላ ርዕስ ተጀምሯል። ጥያቄውን አየሁት እኮ፣ ፊት ያሉት ከጠየቁት ሁሉ ይበልጣል።

ዝም ያለውን ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት ልማድ ሆኖብናል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ ልጆቹ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፣ እንደ ክልሉ ቢለያይም ቢዘገይ ዘጠነኛ ክፍል ላይ በእንግሊዝኛ ይሆናል፣ ከዛ ትምህርት ሚኒስቴር ከየክልሉ መድቦ አንድ ክፍል ያገናኛቸዋል። እኛ ደግሞ እንዲገባቸው ብለን ዋናውን ነጥብ በአማርኛ እናብራራለን፣ አማርኛ የማይችለው ልጅ እዛው ጋ ይቀራል፣ ማንም ልብ አይለውም። ቦርድ ላይ እየጻፍን "ይሄ ወደዚህ ይመጣል" ስንል ማየት የተሳነው ተማሪ ምኑን ይያዝ?

ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ያጠናችው ነገር አለ፣ አስተማሪዎች ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፣ ሶስት ሰከንድና ከዛ በላይ ሲታገሱ ግን መልሱ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መሳተፍ ይጀምራሉ። በሶስት ቋንቋ መሀል ለሚመላለስ ተማሪ እሱም የሚበቃ አይመስለኝም። አሁን እኔ ጥያቄ ስጠይቅ መጀመሪያ ሁሉም ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከጎኑ ካለው ጋር በፈለገው ቋንቋ ይወያያል፣ ከዛ ነው እጅ የሚወጣው። ሁሉም ተናጋሪ ሆነ አልልም ግን ከጥጉ በኩል ድምጽ መስማት ጀምሬያለሁ።

ሴክሽኑ ስልሳ ሰባ ተማሪ ነው፣ ቻፕተር አያልቅም የሚሉኝ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ግን ግማሹ ክፍል ሳይገባው ያለቀ ቻፕተር አለቀ ይባላል? ኤችዲፒ (የመምህራን የማስተማር ዘዴ ስልጠና) የወሰደ ሁሉ አክቲቭ ለርኒንግን፣ ማለትም ተማሪው ራሱ እየተሳተፈ የሚማርበትን ዘዴ፣ ያውቀዋል፣ ግሩፕ ወርክም እንሰጣለን፣ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ግን አንዱ ይሰራል ሌላው ስሙን ያስጽፋል።

የምለምነው ዲፓርትመንቶች መምህራን እርስ በርስ ክላስ እየገቡ እንዲተያዩ ሰዓት ይስጧቸው። አሁን ያለው ኢቫሉዌሽን ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚሞላ ፎርም ነው፣ የዛ ሴሚስተር ልጆች ምንም አያገኙበትም። ደግሞ አደራ፣ ይሄ ክላስ እየገቡ መተያየት ከመምህሩ እድገትና ውጤት ጋር እንዳይያያዝ፣ ከተያያዘ ሰው ሲገባ ብቻ ቀለሜዎቹን እያስነሱ ማሳየት ይመጣል። ወረቀቱ ለመምህሩ ይሰጥ፣ እሱ ጋ ይቅር፣ በሚቀጥለው ክላስ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቅበታል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር