ለጋራ የቲሹ ካልቸር (የተክል ሕዋስን በብልቃጥ የማሳደጊያ) ክፍላችን እጃችሁን ዘርጉልን

ሁለት ጥሩ የገብስ ዝርያዎችን ማዳቀል ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። የዲቃላው ልጆች አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ አንዱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሌላው የሚዘገይ ይሆናሉ። ባሕርያቸው እስኪረጋ አምስት ስድስት ትውልድ እያከታተሉ መዝራት ግድ ነው።

ደብልድ ሀፕሎይድ የተባለው የማዳቀያ ዘዴ ይህን በአንድ ትውልድ ይጨርሰዋል። ገብስ 14 ክሮሞዞም (የዘር ባሕርይ ተሸካሚ) አለው፤ የአበባው ብናኝ የሚይዘው ግን 7 ብቻ ነው። ያልበሰለው ብናኝ በንጹህ ምግብ ላይ ተዘርቶ ወደ ተክልነት ሲያድግ፣ ተክሉም 7 ብቻ ይዞ ከቀረ መካን ይሆናል። ኮልቺሲን በተባለ ኬሚካል ክሮሞዞሙ እጥፍ ሲደረግ ግን ዘር ይሰጣል፤ ዘሩም ቁርጥ እሱን ይመስላል። መንገዱን የከፈቱት ጉሃ እና ማሄሽዋሪ የተባሉ ሁለት ህንዳውያን ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ከአስተናግር ብናኝ ሀፕሎይድ (ግማሽ ክሮሞዞም ብቻ ያለው) ፅንስ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ።

እህል ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ያስቸግራል። ዛላው ገና በቅጠሉ እቅፍ ውስጥ ሳለ ይቆረጣል። ብናኙ ትክክለኛ ዕድሜው ላይ መሆኑ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጥቂት ቀን ካለፈ አይሆንም። ሁሉ ተሳክቶ ችግኝ ሲወጣ ደግሞ ብዙው ከሥር እስከ ጫፍ ነጭ ሊሆን ይችላል። ነጭ ችግኝ ምግቡን መሥራት አይችልም፤ ይሞታል። ያን ሁሉ ልፋት ነጭ ሆኖ ማየት አንጀት ይበላል።

ለስንዴ ሌላ መላ አለ፤ የበቆሎ ብናኝ ይነሰነስበታል። የበቆሎው ክሮሞዞም በመጀመሪያዎቹ የሕዋስ ክፍፍሎች ይጠፋና የዳቦ ስንዴው 21 ብቻ ይቀራል። ፅንሱ ግን የሚመገበው ስንቅ የለውም፤ ሳይሞት በመቆንጠጫ ወጥቶ በብልቃጥ ማደግ አለበት። ይህ የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል።

የምንለምናችሁ ለዚህ ነው። የተጣራ አየር የሚነፍስበት የሥራ ጠረጴዛ፣ ኦቶክሌቭ (ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ መሣሪያ)፣ ብርሃንና ሙቀቱ የሚስተካከል የማሳደጊያ ክፍል ያስፈልገናል። ኮልቺሲን መርዝ ስለሆነ ጓንትና መከላከያ ላይ አንቆጥብም። ክፍሉ የጋራ ነው፤ የራሱ ቤተ ሙከራ የሌለው አዳቃይ ዲቃላውን ይዞ ይመጣል፣ የረጋ ዘር ይዞ ይሄዳል። የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ከነደረሰኙ ለሁላችሁም እናሳያለን።

አቅማችሁ የፈቀደውን ስጡን፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። ያገለገለ ማይክሮስኮፕ ወይም ኦቶክሌቭ ያላችሁም ከመሸጣችሁ በፊት ንገሩን። ሙያው ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜያችሁን ብትለግሱን፣ ፅንስ ማውጣት የሚማሩ ወጣቶች አሉን።