ለዲፈረንሻል «ዘጠና ዘይት» ማለት ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የመስክ ተሽከርካሪዎች ወደ ጋራዥ በብዛት በሚገቡበት በዚህ ወቅት፣ ቸል ስለሚባል አንድ የጥገና ጉዳይ ለአንባቢዎችዎ እንዲደርስልኝ ይህን ደብዳቤ እጽፋለሁ። ጉዳዩ የኋላ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል፣ ዘይት ነው፤ በተለይም አንዱ ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚገድበው፣ ሊሚትድ ስሊፕ ወይም በአጭሩ ኤልኤስዲ የሚባለው ዲፈረንሻል የሚፈልገው ዘይት። በብዙ ጋራዦች የዲፈረንሻል ዘይት ይቀየር ሲባል «ዘጠና ዘይት ገዝታችሁ አምጡ» ይባላል። ይህ ስሕተት ነው አልልም፤ ነገር ግን ግማሽ መልስ ነው፤ የቀረው ግማሽ ተሽከርካሪው ጭቃ ውስጥ በገባ ቀን ይጠየቃል።

ተራ ዲፈረንሻል የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ያካፍላል። እኩል ማካፈሉ ደግሞ ጉዳት አለው፤ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሆኖ መሬት መያዝ ሲያቅተው፣ ደረቅ መሬት የያዘው ጎማም የሚንሸራተተው ጎማ ከሚወስዳት ጥቂት ጉልበት የበለጠ አያገኝም፤ ያኛው በከንቱ ሲሽከረከር ይህኛው ይቆማል። ኤልኤስዲ የተሠራው ይህን ለማስቀረት ሲሆን፣ በብዛት በሚታወቀው ዓይነት ውስጥ ተደራርበው የተቀመጡ ስስ ዲስኮች አሉ፤ ግማሾቹ ከዲፈረንሻሉ ቤት ጋር፣ ግማሾቹ ደግሞ ወደ ጎማው ከሚሄደው አክስል ጋር አብረው ይዞራሉ። ዲስኮቹ በሞላና በጥርሶቹ ግፊት ተጨንቀው እርስ በርስ ስለሚያያዙ፣ አንደኛው ጎማ ብቻውን መሽከርከር ሲጀምር ከጉልበቱ ከፊሉ ወደ ሌላኛው ይሻገራል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ዘይት ውስጥ ተነክሮ በሰበቃ ኃይል ስለሆነ፣ ዘይቱ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎች ይጠበቁበታል ማለት ነው፤ ጉልበቱን የሚያስተላልፉትን የኮሮናውንና የፒኞኑን፣ ማለትም የትልቁንና የትንሹን ጥርሳም ብረት፣ ጥርሶች ከመፋተግ ማዳን አለበት፣ የዲስኮቹን ሰበቃ ግን ጨርሶ ማጥፋት የለበትም።

ተሽከርካሪው በሚታጠፍበት ጊዜ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ዲስኮቹ እርስ በርስ ለስለስ ብለው መንሸራተት ይኖርባቸዋል። ተራ የዲፈረንሻል ዘይት ሲሞላ ዲስኮቹ መያዝና መልቀቅ፣ እንደገና መያዝና መልቀቅ ይጀምራሉ፤ ነጂው በጠባብ ግቢ ውስጥ ሲዞር ከኋላ የሚሰማው ማጉረምረምና መንቀጥቀጥ ከዚህ ይመጣል። ለኤልኤስዲ የሚዘጋጀው ዘይት ይህን የሚያለዝብ የሰበቃ ማስተካከያ አዲቲቭ፣ ማለትም ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር ንጥረ ነገር፣ አለው። ድምፁን የሰማ ሁሉ ኩሽኔታ አልቋል፣ ጥርስ ተበልቷል እያለ ዲፈረንሻሉን ለማውረድ መቸኮሉ እጅግ ያሳዝነኛል። አስቀድሞ ትክክለኛውን ዘይት ሞልቶ፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ቀስ እያሉ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ደጋግሞ መንዳትና አዲሱ ዘይት በዲስኮቹ መካከል እንዲገባ ማድረግ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ በዚሁ ይጠፋል።

በጣሳው ላይ ስለሚጻፈው ቁጥርም ጥቂት ልበል። 90 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ውፍረት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት የሚለካበት ሚዛን የተለየ ስለሆነ፣ የዲፈረንሻል 90 ዘይት ሲሞቅ ውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ብዙም አይርቅም፤ የቁጥሩን ትልቅነት አይቶ በጣም ወፍራም ነው ማለት አይቻልም። ጂኤል-5 የሚለው ምልክት ደግሞ ዘይቱ የዲፈረንሻል ጥርሶች የሚፈጥሩትን ከባድ ጫና እንደሚችል ይገልጻል፤ ስለ ዲስኮቹ ግን ምንም አይልም። ስለዚህ ጣሳው ላይ 90 እና ጂኤል-5 መኖራቸው አይበቃም፤ ለኤልኤስዲ የሚሆን መሆኑ በግልጽ መጻፍ አለበት። ቀደም ያሉ የቶዮታ ላንድክሩዘር መመሪያዎች ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ለማይደርስ አየር 90፣ ከዚያ ለሚቀዘቅዝ 80ደብሊው ወይም 80ደብሊው-90 ያዝዛሉ፤ የአገራችን መንገዶች ያን ያህል ስለማይቀዘቅዙ ውፍረቱን መምረጥ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ዲፈረንሻሉ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቁ ነው።

ይህንንም ማወቅ ይቻላል። የተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍና በአካሉ ላይ የተለጠፈው የመለያ ሰሌዳ የአክስሉን ዓይነት ይነግራሉ፤ በአንዳንዶቹም ላይ በመሙያው ብሎን አጠገብ የኤልኤስዲ ዘይት ብቻ እንዲሞላ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ይገኛል። ይህ ሁሉ ከጠፋ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ አግዶ፣ የኋላውን በክሪክ አንሥቶ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ማሳረፍ፣ ካምቢዮውን ከማርሽ ማውጣት፣ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅና አንዱን ጎማ በእጅ ማዞር ነው። ሌላኛው ጎማ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ በቀላሉ ከዞረ ዲፈረንሻሉ ተራ ነው፣ ወይም የኤልኤስዲው ዲስኮች አልቀዋል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ አብሮ ከዞረ ወይም በኃይል ከተቃወመ ዲስክ ያለው ኤልኤስዲ ነው። በአዝራር የሚቆለፈው ዲፈረንሻል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሳይቆለፍ እንደ ተራ ስለሚሠራ የኤልኤስዲ ዘይት አያስፈልገውም። ያለ ዲስክ፣ በጥርስ ብቻ የሚሠሩ ኤልኤስዲዎችም አሉ፤ እነዚህም የሰበቃ ማስተካከያ አይፈልጉም።

ዘይቱ ሲቀየር ተሽከርካሪው ጥቂት ተነድቶ ዘይቱ ሞቅ ማለት አለበት፤ ሜዳ ላይ ከቆመ በኋላ ከሁሉ በፊት የላይኛው የመሙያ ብሎን ይፈታ። አሮጌው ዘይት ከፈሰሰ በኋላ የመሙያው ብሎን ዝጎ እምቢ ቢል፣ ተሽከርካሪው ባዶ ዲፈረንሻል ይዞ መቅረቱ ነው። ዘይቱ በሚፈስበት፣ ማግኔት ባለው የታችኛው ብሎን ላይ የተጠራቀመ ግራጫ ልቁጥ የተለመደ ሲሆን፣ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ዘይት ቀይሮ መሄድ አይገባም። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቷል፤ ወንዝ ሲሻገሩ የጋለው ዲፈረንሻል ድንገት ስለሚቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ በተለይም የዲፈረንሻሉ የአየር መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነ። በመሆኑም መተንፈሻውን ማጽዳት የዘይት ቅያሬው አካል መሆን አለበት። አዲሱ ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ ይሞላል። ኤልኤስዲ ተብሎ በተሸጠ ዘይት ላይ ሌላ አዲቲቭ መጨመር ደግሞ ጥቅም የለውም፤ ማስተካከያው ከበዛ ዲስኮቹ መያዝ ያቅታቸውና ኤልኤስዲው ተራ ዲፈረንሻል ይሆናል፣ ያውም ምንም ድምፅ ሳያሰማ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። የሚያጉረመርም ዲፈረንሻል ነጂውን ያስጠነቅቃል፤ መያዙን ያጣው ግን የሚታወቀው ነፍሰ ጡር የጫነ አምቡላንስ ወይም ክትባት የያዘ ፒክአፕ በክረምት ጭቃ ላይ ሲቆም ነው። ስለዚህ የመንግሥትና የግብረ ሠናይ ድርጅቶች የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ኃላፊዎች በእያንዳንዱ ተሽከርካሪ መዝገብ ላይ የኋላ ዲፈረንሻሉ ተራ፣ ኤልኤስዲ ወይም በአዝራር የሚቆለፍ መሆኑን፣ የሚሞላበትን ዘይት ሙሉ ስያሜና የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር እንዲያስጽፉ እጠይቃለሁ። የዘይት ግዥ ጥያቄ ሲዘጋጅም «ዘጠና ዘይት» ከሚል ቃል ይልቅ ይኸው ስያሜ ተገልብጦ ይግባ፤ የግዥ ሠራተኛው የሚያመጣው በጥያቄው ላይ የተጻፈለትን ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተሽከርካሪ ጥገና ባለሙያ
ከጅማ