ዙፋን ላይ ያልተቀመጡት

ይድረስ ለወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ ለመቆየቴ የምደረድረው ሰበብ የለኝም። መጀመሪያ ስንፍና ነበር፣ በኋላ ኀፍረት ሆነ። ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ የድሮው ክርክራችን ነው። «ዙፋን ላይ ሳይቀመጥ ዘመን የገዛ ቤት ካለ አምጣ» ስትለኝ የየጁ መሳፍንትን ጠራሁልህ፤ አንተ «ሰማንያ ዓመት እንኳ አልሞሉም» ብለህ አጣጣልክብኝ። እንግዲያው የጃፓኖቹን ሆጆዎች ስማ።

ሲጀምሩ ኢዙ በሚባል አውራጃ ተራ ባላባቶች ነበሩ። አባወራው ቶኪማሳ ግዞተኛ እንዲጠብቅ ታዞ ነበር፤ ግዞተኛው የተሸነፈው የሚናሞቶ ቤት ልጅ ዮሪቶሞ ነው። የጠባቂው ልጅ ማሳኮ እስረኛውን ወደደችው። አባቷ ፈርቶ ዘጋባት። ከዓመታት በኋላ ራሷ እንደተናገረችው፣ በድቅድቅ ሌሊት መንገዱ እየጠፋባት፣ ዶፍ እየወረደባት ወደ እርሱ ሄደች። ቶኪማሳም እንደማትመለስ ሲያውቅ ከአማቹ ጋር ወገነ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1180 ዮሪቶሞ ሸፈተ፤ በ1192 ሾገን፣ ማለት የጦረኞች ሁሉ አለቃና ገዥ፣ ተባለ፤ መቀመጫውም ካማኩራ ሆነች።

በ1199 ሞተ። ማሳኮ ጸጉሯን ተላጭታ መነኮሰች፤ መነኮሰች እንጂ አልመነነችም። የበኩር ልጇ ዮሪዬ ከሹመቱ ተነሥቶ በግዞት ተገደለ። በ1205 አባቷ ሾገን ሊለውጥ ሲያሴር ከወንድሟ ከዮሺቶኪ ጋር ሆና ወደ ኢዙ፣ ወደ መጣበት ሰደደችው። ሁለተኛው ልጇ ሳኔቶሞ በ1219፣ በብርዱ ወራት፣ በረዶ በሸፈነው የቤተ መቅደስ ደጅ በወንድሙ ልጅ ሰይፍ ወደቀ። በዚያ ሌሊት የሾገኑን ሰይፍ ይዞ ሊያጅብ የነበረው ዮሺቶኪ ድንገት «አመመኝ» ብሎ ቤቱ ገባ፤ የተካው ሰውም አብሮ ተገደለ። ሕመም እንዲህ ሰዓቱን ጠብቆ ሲመጣ አይተህ ታውቃለህ? ማስረጃ የለምና አልፈርድም። (ትንሽ ግን እፈርዳለሁ።)

የዮሪቶሞ ቤት ወንድ ወራሽ ሲያጣ ሆጆዎች «እኛ ሾገን እንሁን» አላሉም። ከንጉሠ ነገሥቱ ከተማ ከኪዮቶ ድክ ድክ የሚል የመኳንንት ልጅ አስመጡ፤ እነርሱ «ሺኬን» በሚል ስም፣ እኛ እንደራሴ በምንለው ማዕረግ ገዙ። በ1221 ዙፋኑን የለቀቀው ንጉሠ ነገሥት ጎቶባ ሊያጠፋቸው ሲነሣ፣ ማሳኮ የዮሪቶሞ ውለታ ከተራራ እንደሚልቅ፣ ከባሕር እንደሚጠልቅ ለጦረኞቹ አስታወሰቻቸው። ዘመቱ፤ ጎቶባም ወደ ኦኪ ደሴት ተጋዘ።

ሞንጎሎች በ1274ና በ1281 በባሕር ሲመጡም ሆጆዎች አልተንበረከኩም። ነገር ግን አገርን መከላከል የሚከፋፈል መሬት አያስገኝም። ስንቁን ከራሱ ችሎ የዘመተው ሳሙራይ ባዶ እጁን ወደ ዕዳው ተመለሰ። በ1297 የሸጡትና ያስያዙት መሬት ያለ ክፍያ ይመለስላቸው ተብሎ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያበድራቸው? በ1333 ያመፀው ጦረኛ ኒታ ዮሺሳዳ ካማኩራን ሰብሮ ገባ፤ የሆጆ ቤተ ዘመድና ተከታዮቻቸው በመቶዎች ሆነው በቶሾጂ ቤተ መቅደስ ራሳቸውን ገደሉ።

ቶኪማሳ ሺኬን ከሆነበት ከ1203 ጀምረህ ቁጠር፤ 130 ዓመት ነው። የተወራረድነው አንድ ኪሎ ቡና ነበር፣ አልረሳሁም። እናትህ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ? ቡናው ካልተመቸህ ደብዳቤም እቀበላለሁ።

ወዳጅህ