የጦሳን ልጅነት አይቼ መጣሁ

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደሴም እንደምታውቃት ናት፤ ጭጋጓ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ረፋዱ ላይ ይገፈፋል። ደብዳቤ ያቋረጠው ማን እንደሆነ አንቆጣጠር፤ ከተቆጣጠርን እረታሃለሁ።

እኅቴ ሬዩኒየን ባል አግብታ እንደምትኖር ታውቃለህ። ቲኬት ቆርጣ ጠራችኝና ሄድኩ። ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ የፈረንሳይ ግዛት የሆነች ደሴት ናት። «ጋቢህን እንዳትረሳ» ስትለኝ፣ በሞቃት ባሕር መካከል ጋቢ ምን ይሠራል ብዬ ነበር። ለካ ለእሳተ ገሞራው ኖሯል! ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ 2,632 ሜትር ነው፤ ከደሴ ብዙም አይበልጥም፤ የንጋቱ ብርድ ግን የደላንታ ነው።

እኔ በሄድኩበት ሰሞን ተራራው ጸጥ ብሎ ነበር። ታች ባሕሩ ዳር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ከእሳተ ገሞራው ቀልጦ የፈሰሰውን ድንጋይ ረገጥኩት። ባሕር ገብቶ ለደሴቲቱ አዲስ መሬት ጨምሮላታል፤ መንገዱንም ስለቆረጠው በላዩ ላይ እንደገና ሠርተውታል። አንድ ቁራጭ አነሣሁ፤ ጥቁር፣ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት፣ ጠርዙ ጣት የሚቆርጥ። በስንጥቁ ነጣ ያለ የድንጋይ ሽበት ወጥቶበታል፤ ከሥሩ ፈርን የሚሉት ተክል በቅሏል። አንተ ለተማሪዎችህ «የወሎ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ናቸው» የምትለውን እኔ እዚያ በእጄ ዳሰስኩት። ያቺ ደሴት ከባሕር ብቅ ካለች ገና ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት ቢሆናት ነው።

ሴንት ሮዝ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች። እ.ኤ.አ. በ1977 የእሳቱ ጎርፍ እስከ በሯ መጥቶ ለሁለት ተከፈለና ዙሪያዋን ከቦ አለፈ። እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ሼኩም ቄሱም «የእኔ ጸሎት ነው» ብለው እስከ ዛሬ በተከራከሩ!

ማፋት የሚሉት ስፍራ በገደል የታጠረ ሰፊ ጉድጓድ ነው፤ አምባ ተገልብጦ ማለት ነው። ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የተሸሸጉበት ነበር፤ ዛሬም የመኪና መንገድ የለውም፤ በእግር ወይም በሄሊኮፕተር ነው። እኔ ከአፋፉ ሆኜ አይቼ ተመለስኩ፤ ጉልበቴን ታውቀዋለህ።

ሲላኦስ የሚሉት ስፍራ ግን ምስር ይዘራል፣ ያውም ስመ ጥር ምስር! በእርከን ላይ ያለውን ማሳ ሳይ የየጁ ገበሬ የሠራው መሰለኝ። ከሩዝ ጋር፣ ቲማቲምና ቃሪያ ተወቅጦ ከጎኑ ቀረበልኝ። ምስሩ ደቃቅ ነው፤ ሲበስል አይፈርስም። እኅቴ ከቤት የመጣ በርበሬ ጣል አደረገችበት፤ ባሏ ቀምሶ ውኃ ጠየቀ።

ባሕሩን ልለፈው፤ ሻርክ ስላለ ኮራል ባጠረው ረጋ ያለ ውኃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ወጣሁ።

እኅቴ ስለ አንተ ደጋግማ ጠይቃኛለች። የእኛ ክረምት ለእነርሱ ዝናብ የሚቀንስበት፣ ለተራራ ጉዞ የሚመች ወቅት ነው፤ ያኔ ትምህርት ቤትህም ዝግ ነው። ፓስፖርትህ ጊዜው አልፎበት ከሆነ ከአሁኑ አሳድስ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከደሴ ሸዋ በር